ልጁ ያላየውን ሌሊት ቢጽፍ፣ ትረካው ምን ዓይነት ይባላል?

ጥያቄ፦ መምህርት ከታቦር ሥር (ሐዋሳ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ፤ ዘንድሮ ደግሞ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን የሚሰበሰበውን የሥነ ጽሑፍ ክበብ በኃላፊነት ተረክቤያለሁ። የክበቡ አባላት 19 ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ ቤታቸው ውስጥ ሲዳምኛ ወይም ወላይትኛ የሚናገሩ፣ አማርኛን ከትምህርት ቤትና ከሰፈር ጓደኛ የተማሩ ልጆች ናቸው።

በክፍል ውስጥ ድርሰትን ተራኪ፣ ገላጭ፣ ስዕላዊና አመዛዛኝ ብለን እንደምንከፍል ታውቃላችሁ። ስለ ተራኪ ድርሰት የምንሰጠው ማብራሪያ ግን «ድርጊትን በጊዜ ቅደም ተከተል ያቀርባል» ከሚለው ብዙም አይርቅም፤ ተማሪዎቹም ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ይዘው፣ ከማለዳ እስከ ማታ የሆነውን ሁሉ «ከዚያ»፣ «ከዚያም በኋላ» እያሉ ይደረድሩታል። ከዚህ ልማድ ላወጣቸው አስቤ ተረትን፣ አፈ ታሪክን፣ ግለ ታሪክን፣ ወግንና አጭር ልቦለድን ለየብቻቸው እየወሰድሁ ማስተማር ጀመርሁ። አንድ ጽሑፍ ሲነበብም በመጀመሪያ «ይህ የትኛው ነው?» ብለን እንጠይቃለን። የተቸገርሁት በዚሁ ጥያቄ ነው።

የአንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ አባት በሐዋሳ ሐይቅ ላይ ዓሣ በማጥመድ ቤተሰባቸውን ያስተዳድራሉ። ባለፈው ዓመት በሐምሌ ወር መረብ ለመጣል ሲመሽ እንደወጡ ንፋስ ተነሥቶ ጀልባቸው ተገለበጠች፤ እርሳቸውም የተገለበጠችውን ጀልባ እንደያዙ ውኃው ላይ አድረው፣ ሲነጋ መረባቸውን ሊያወጡ የሄዱ ሌሎች አጥማጆች አግኝተው አተረፏቸው። ተማሪው ይህንን በ7 ገጽ ጽፎ አመጣ። (ይህን የማካፍላችሁ ልጁም አባቱም ፈቅደው ነው።) ጽሑፉ አባትዬው በውኃው ውስጥ ምን እንዳሰቡ፣ ስለ ልጆቻቸው እንዴት እንዳለቀሱ፣ ምን ብለው እንደጸለዩ ሁሉን እንደሚያውቅ ተራኪ ይነግረናል፤ መሀል ላይም አያቱ «ሐይቁ በክረምት አንድ ነገር ሳይወስድ አያድርም» የሚሉት ቃል ገብቶበታል።

አንብቦ ሲጨርስ አንዲት ተማሪ፣ «አንተ ያን ሌሊት ቤት ነበርህ፤ አባትህ ምን እንዳሰቡ በምን አወቅህ?» ብላ ጠየቀችው። «እንዲህ ሳያስቡ አይቀሩም ብዬ ነው» አለ። ሌላው ተማሪ ወዲያው «እንግዲያውስ ይህ ልቦለድ ነው» ሲል፣ ልጁ ፊቱ ተለዋውጦ «አባቴ ልቦለድ አይደሉም» ብሎ ወረቀቱን አጣጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። ከዚያ ቀን ወዲህ ጽሑፉን መልሶ አላወጣውም።

እኔም በዚያች ሰዓት የማጽናኛ ቃል ከመናገር በስተቀር ሙያዊ መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህ ነው፤ እንዲህ ያለው ትረካ በየትኛው ዓይነት ይመደባል? ዓይነቱስ መወሰን ያለበት ከመጻፉ በፊት ነው ወይስ ከተጻፈ በኋላ? የእናንተ መልስ ይህ ልጅ ወረቀቱን ከቦርሳው እንዲያወጣ ሊረዳው ስለሚችል አደራ እላለሁ።


መልስ፦ ጡረተኛው የአማርኛ መምህር

ልጄ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። «አባቴ ልቦለድ አይደሉም» የምትለው የልጁ ቃል፣ እኔ በኖራ ስጽፍ ከኖርሁት ትርጓሜ ሁሉ ይልቅ ነገሩን አጥርታ ታሳያለች፤ ከእርስዋም ልጀምር።

«ልቦለድ» የሚለው ስም ከየት እንደመጣ ለተማሪዎችሽ ብትነግሪያቸው ብዙ ነገር ይገለጥላቸዋል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ ያሳተሙት ሥራ «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚል ስም ነበረው፤ የአንድ መጽሐፍ መጠሪያ የነበረው ቃል ውሎ አድሮ የዘርፉ ሁሉ መጠሪያ ሆነ። ልብ የወለደው ማለት ነው። ከጎኑ «ታሪክ» የሚል ቃል መቆሙንም ልብ በይ። በአማርኛችን «ታሪክ» ስንል የሆነውንም፣ የተፈጠረውንም፣ የንጉሥን ዘመንም፣ የጎረቤትን ገጠመኝም እንጠራበታለን፤ እንግዲህ ልጆቹ ድንበሩ ቢጠፋባቸው የቃሉ ስፋት ራሱ ለዚህ በቂ ምክንያት ነው።

አርስቶትል ታሪክ ጸሐፊ የሆነውን፣ ባለ ቅኔ ግን ሊሆን የሚችለውን ይናገራል ብሎ ነበር፤ የሄሮዶቶስ ጽሑፍ በግጥም ቢቀመጥ እንኳ ያው ታሪክ መሆኑ አይቀርም ሲልም አክሏል። ልዩነቱ ከአጻጻፉ መልክ አይደለም ማለቱ ነው። የእኛም የቆየ ሥነ ጽሑፍ ይህንኑ በራሱ መንገድ ያሳያል። ዜና መዋዕል የሚጽፍ ሰው በንጉሡ ዘመን የነበረ፣ ያየና ካዩት የሰማ መሆኑን ለአንባቢው እንደ ዋስትና ያቀርባል፤ የዐፄ ቴዎድሮስን ዜና መዋዕል በአማርኛ የጻፉት ደብተራ ዘነብ በንጉሡ ዘመን የኖሩ ሰው ናቸው። ገድል ደግሞ የጻድቁን ልደት፣ ተጋድሎና ዕረፍት ይተርካል፤ ጻድቁ ከፈጣሪው የተቀበለው ቃል ኪዳንም ከዋና ዋና ክፍሎቹ አንዱ ነው። አማኙ ገድሉን የሚሰማው በረከትን ሽቶ እንጂ ቀንና ወር ሊቆጥር አይደለም። ሁለቱም የሰው ሕይወት ይተርካሉ፤ የሚለያዩት ከአንባቢው ጋር በገቡት ውል ነው።

ስለዚህ የትረካን ዓይነት ለመለየት የምትጠየቀው ጥያቄ ያቺ ተማሪ የጠየቀችው ናት፤ «በምን አወቅህ?» መልሱ «አይቼ» ከሆነ ትውስታ ወይም ግለ ታሪክ ነው። «ሰምቼ» ከሆነ ተረት፣ አፈ ታሪክ፣ የሰው ገጠመኝ ነው። «ልቤ ወልዶት» ከሆነ ልቦለድ ነው። አማርኛም ይህን ልዩነት በቃላቱ ይዞታል፤ «ነበር» ብሎ የሚናገርና «ነበር አሉ» ብሎ የሚናገር ሰው እኩል ኃላፊነት አልወሰዱም። «ሳያስቡ አይቀሩም» የሚለው ሦስተኛ ነው፤ ልጁ በቃሉ ይህን ብሎ ሳለ፣ በወረቀቱ ላይ ግን «አሰቡ» ብሎ ጽፏል። የጓደኞቹ ቅሬታ የመነጨው ከዚህች ክፍተት ይመስለኛል።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ልጁ 7 ገጽ የጻፈው ስላላየው ሌሊት ነው። ያየውስ? በዚያ ሌሊት እርሱ የት ነበር? እናቱ ምን ያደርጉ ነበር? መብራቱ በርቶ ነው ያደረው ወይስ ጠፍቶ? ስለዚያ ቤት አንዲት መስመር ጽፎ እንደሆነ አይተሽ ንገሪኝ።


መልስ፦ አጫጭር ልቦለዶች የምጽፍ የሐዋሳ ልጅ

ከመምህሩ የመጨረሻ ጥያቄ ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ ከዚያ በፊት ባሉት ላይ ግን በአክብሮት የተለየ አሳብ አለኝ። ዓይነቱ አስቀድሞ ይወሰን ከተባለ ጀማሪ ጸሐፊ ብዕሩን ሳያነሣ በድንበር ጥበቃ ይደክማል። እኔ የመጀመሪያውን ረቂቅ ስጽፍ ወግ ይሁን ልቦለድ አላውቅም፤ ለአንባቢ ከማቅረቤ በፊት ግን የግድ ማወቅ አለብኝ። ለእርስዎም የምመክረው፣ በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ «የትኛው ነው?» የሚለውን ጥያቄ ለጊዜው እንዲያቆዩትና በሁለተኛው ረቂቅ ላይ አጥብቀው እንዲጠይቁት ነው።

እኔ ይበልጥ ማተኮር የምፈልገው «ከዚያ» በሚለው ችግር ላይ ነው፤ ምክንያቱም የትረካ ዓይነት ሁሉ የሚቆመው በድርጊት አያያዝ ላይ ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ፎርስተር እ.ኤ.አ. በ1927 በሰጠው ንግግር በተከታታይ ድርጊትና በሴራ (ድርጊቶች በምክንያትና ውጤት በሚያያዙበት የታሪክ አወቃቀር) መካከል ያለውን ልዩነት ያስረዳው በምክንያት ነበር፤ አንዱ ከሌላው በኋላ መምጣቱ ብቻውን ሴራ አይሆንም፣ አንዱ በሌላው ምክንያት ሲመጣ ግን ይሆናል። ተማሪዎችዎ ከእያንዳንዱ «ከዚያ» አጠገብ «ስለዚህ» ወይም «ነገር ግን» የሚል ቃል ይገባ እንደሆነ ይሞክሩ። የማይገባበት ቦታ ላይ ያለው ድርጊት ብዙ ጊዜ ቢወጣም የማይጎድል ነው።

ሌላው ከራሱ ከአማርኛው የምናገኘው ነው። እነዚህን ሁለት አጻጻፎች ጮክ ብለው ያንብቧቸው።

«አባቴ መረቡን ያዙ። ከዚያ ጀልባው ላይ ወጡ። ከዚያ መቅዘፊያውን አነሡ። ከዚያ ንፋስ መጣ።»

«አባቴ መረቡን ይዘው፣ ጀልባው ላይ ወጥተው፣ መቅዘፊያውን ሲያነሡ ንፋስ መጣ።»

በሁለተኛው ውስጥ «ከዚያ» የሚል ቃል የለም፤ ቅደም ተከተሉ ግን አልጠፋም። «ይዘው» እና «ወጥተው» የሚሉት ቦዝ አንቀጾች ገና እንዳልደረስን ይነግሩናል፤ ማሰሪያ አንቀጹ እስኪመጣ ድረስ አንባቢው ዓረፍተ ነገሩን በእጁ አንጠልጥሎ ይጠብቃል፤ «መጣ» ሲባልም ክብደቱ ሁሉ በንፋሱ ላይ ይወድቃል። ግሡን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጥ ቋንቋ ለተራኪ ትልቅ ስጦታ ነው። ልጆቹ በትምህርት ቤት «አጫጭር ዓረፍተ ነገር ጻፉ» እየተባሉ ይህን ስጦታ ሲተዉት ማየት ያሳዝነኛል። በቤት ውስጥ ተረት ሲያወሩ ግን «ይነሣና፣ መንገድ ይጀምርና፣ ወንዙ ዘንድ ሲደርስ» እያሉ ያለ ማንም አስተማሪ ይጠቀሙበታል። እርግጥ ነው ቦዙ ከአራትና ከአምስት ሲያልፍ አንባቢው ትንፋሽ ያጥረዋል፤ መለኪያው ድምፅ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ልቦለድ ሲተርክ ሰምታችሁ ከሆነ የት እንደሚያርፍና የት እንደሚያስቸኩል ታስታውሳላችሁ፤ የክበቡ አባላትም ጽሑፋቸውን ለጓደኛ ከመስጠታቸው በፊት ለራሳቸው ጮክ ብለው ቢያነቡት መልካም ነው።

ስለ ተራኪው አንጻር አንድ ነገር ጨምሬ ልቁም። ልጁ ሁሉን አወቅ ተራኪ መሆን አያስፈልገውም። «አባቴ በዚያ ሰዓት ምን እንዳሰቡ አላውቅም» ብሎ መጻፍ ይችላል፤ አለማወቁም ራሱ ትረካ ይሆናል፤ ምክንያቱም በዚያ ሌሊት በዚያ ቤት ውስጥ የነበረው ነገር ሁሉ አለማወቅ ነበር። መነሻውንም ከማምሻው ላይ ማድረግ ግዴታ አይደለም። ሲነጋ፣ ሰዎቹ አባትዬውን ደግፈው በሩ ላይ ሲደርሱ ቢጀምርና በምልሰት ወደ ሌሊቱ ቢመለስ፣ አንባቢው «ይተርፉ ይሆን?» ብሎ አይጨነቅም፤ «ያን ሌሊት እንዴት አደሩት?» ብሎ ይጠይቃል። ለእኔ ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጥብኛል።


መልስ፦ የፎክሎር ተመራማሪ

ጋሼ መምህሩ «ሰምቼ» በሚለው ሥር ተረትን፣ አፈ ታሪክንና የሰው ገጠመኝን አብረው አስቀምጠዋቸዋል። እነዚህ በጣም የተለያዩ ስለሆኑ፣ በተለይም የአያትዬው ቃል በየትኛው እንደሚገባ ስለሚያሳስበኝ፣ ጥቂት ላብራራ።

አሜሪካዊው የፎክሎር ምሁር ዊልያም ባስኮም እ.ኤ.አ. በ1965 ባቀረበው አከፋፈል ቃላዊ ትረካዎችን የለየው በእምነት፣ በዘመንና በቦታ ነው። ተረት ተራኪውም አድማጩም እንደ እውነት የማይቀበሉት፣ ዘመኑና ቦታው ያልተወሰነ ነው። ሐተታ ተረት በባለቤቶቹ ዘንድ እንደ እውነት የሚታመን፣ ከሩቅ ከጥንት፣ ዓለም አሁን የያዘችውን መልክ ሳትይዝ ከነበረበት ጊዜ የሚነሣ ነው። አፈ ታሪክም እንዲሁ እንደ እውነት ይነገራል፤ ነገር ግን ዘመኑ ቀረብ ያለ፣ ሰዎቹ እንደ እኛ ያሉ ሰዎች፣ ቦታውም በእግራችን ሄደን የምንደርስበት ነው።

ተረት ውሉን በግልጽ የሚያውጅ ብቸኛው ዓይነት መሆኑን ለተማሪዎችዎ ቢያሳዩአቸው ደስ ይለኛል። ተራኪው «ተረት ተረት» ሲል አድማጮች «የላም በረት» ብለው ይመልሳሉ፤ ሲያበቃም «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይባላል። በእነዚህ ሁለት በሮች መካከል ጅብ ቢናገር፣ ጦጣም ዳኛ ብትሆን ማንም «በምን አወቅህ?» አይልም። አፈ ታሪክ እንዲህ ያለ በር የለውም፤ ከዕለት ወሬ መካከል ድንገት ይጀምራል።

የአፈ ታሪክን ምሳሌ ፍለጋ ከሐዋሳ መውጣት አያስፈልግም። የሲዳማ ሕዝብ ዘመን መለወጫ የሆነው ፊቼ ጫምባላላ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል፤ በዓሉ በከተማችን ጉዱማሌ ላይ በየዓመቱ ሲከበር ተማሪዎችዎ ያዩታል። በቃል ሲወርድ ሲዋረድ እንደመጣው፣ ፊቼ ካገባች በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ወላጆችዋንና ዘመዶችዋን ለመጠየቅ ስትመጣ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተዘጋጀውን ቡርሳሜ ይዛ ትመጣ የነበረች፣ ምግቡንም ከጎረቤት ጋር ትካፈል የነበረች አንዲት የሲዳማ ሴት ናት። በዓሉ የሚውልበትን ቀን ደግሞ ከዋክብትን የሚያነብቡ አዋቂዎች ይወስናሉ። ይህ ትረካ ተረት አይደለም፤ ሰዎች በየዓመቱ የሚያከብሩት፣ ምግቡን የሚያዘጋጁለት፣ ሽማግሌዎች የሚያስተላልፉት ነው። አንድ ተማሪ «ተረት ነው» ብሎ ቢመድበው የሌላውን ተማሪ ቤተሰብ ቅር ያሰኛል፤ መምህርትም ልጆቹን በዚህ ላይ ቀድመው እንዲያስጠነቅቁ እለምናለሁ። በአማርኛ «ተረት» የሚለው ቃል «ውሸት» ለማለትም ስለሚያገለግል ነገሩ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

አሁን ወደ አያትዬው ልመለስ። «ሐይቁ በክረምት አንድ ነገር ሳይወስድ አያድርም» የሚለው ቃል፣ ገና ትረካ አልሆነም። በውስጡ ሰው የለም፣ ጊዜ የለም፣ የሆነ ነገርም የለም፤ እምነትን የሚገልጽ አባባል ነው። ከኋላው ግን ትረካ ሊኖር ይችላል። ልጁ አያቱን ሄዶ «ይህን ከማን ሰሙት? መቼ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የተባለው?» ብሎ ይጠይቃቸው። የሚያውቁትን ሰው፣ የሚያስታውሱትን ክረምት ካነሡ የአያቱን ገጠመኝ አገኘ ማለት ነው። ከእርሳቸው በፊት ከነበረ ሰው ተያይዞ የመጣ ከሆነ አፈ ታሪክ ሊሆን ይችላል። ዝም ብለው «አባቶች እንዲህ ይሉ ነበር» ካሉም ያው አባባል ነው፤ በአባባልነቱም በትረካው ውስጥ ቦታ አለው። በሲዳምኛ የተናገሩት ከሆነ በመጀመሪያ በሲዳምኛው እንደ ወረደ ይጻፈው፤ የአማርኛው ፍቺ ከዚያ በኋላ ይከተል።


ምላሽ፦ መምህርት ከታቦር ሥር (ሐዋሳ)

ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው የምመለሰው፤ ስለ ዘገየሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ምክራችሁን ይዤ ልጁን ለብቻው ሳነጋግረው ስለዚያ ቤት ምንም እንዳልጻፈ ነገረኝ። «እቤት ምንም አልሆነም እኮ» አለኝ። ጋሼ፣ ይህን ሲል እርስዎን አስታወስሁ። «እሺ፣ ምንም ያልሆነበትን ሌሊት ንገረኝ» ብዬው ሲነግረኝ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጥን። እናቱ ራቱን ሦስት ጊዜ እንዳሞቁት፤ እርሱና ታናሽ እኅቱ የተኙ መስለው ዐይናቸውን ጨፍነው እንደነበር፤ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር እናቱ ወደ በሩ ሄደው እንደሚመለሱ፤ በሩን ግን ሌሊቱን ሙሉ መቀርቀሪያው ሳይገባ እንደተዉት ነገረኝ። ከዚህ ውስጥ አንዱም በ7ቱ ገጽ ላይ አልነበረም።

ከዚያም አባቱን በውኃው ላይ ምን እንዳሰቡ እንዲጠይቃቸው ነገርሁት። ዓመት ሙሉ ጠይቋቸው አያውቅም ነበር። አባትዬው የመለሱለት ልጁ ከጻፈው ፈጽሞ የተለየ ነው። መረቡ የጎረቤት ነበርና፣ ሌሊቱን ሲያስቡ ያደሩት ዋጋውን በስንት ጊዜ ከፍለው እንደሚጨርሱ ነበር፤ በሳምንት ይህን ያህል፣ በወር ይህን ያህል እያሉ ሲያሰሉ፣ ሲሳሳቱም እንደገና ከመጀመሪያ ሲጀምሩ እንደነጋባቸው ነገሩት። «ስለ እኛ አላሰቡም?» ብሎ ሲጠይቃቸው «የእናንተን ዳቦ እኮ ነው የማሰላው» አሉት።

አሁን አዲሱን ረቂቅ እየጻፈ ነው። በአንደኛ መደብ፣ ከቤቱ ውስጥ ሆኖ፣ ሲነጋ ከበሩ ላይ ይጀምራል። የአባቱን ሌሊት ያስገባው «ኋላ እንደነገሩኝ» ብሎ በአባቱ አንደበት ሲሆን፣ «አሰቡ» የሚለውን ግሥ ከየቦታው አውጥቶ «አሉኝ» በሚል ተክቶታል። አያቱን ጠይቋቸው ነበር፤ ቃሉን ከእናታቸው እንደሰሙት ብቻ ነግረውት ዝም አሉ። ስለዚህ በሲዳምኛው እንዳለ በአንድ መስመር አስቀምጦታል። የቦዝ አንቀጹን ትምህርት ለክበቡ በሙሉ ሰጥቻለሁ፤ «ከዚያ» የሚለውን ቃል ከአንድ ገጽ ላይ አውጥተው ሲጨርሱ የገጹ ርዝመት መቀነሱ ራሳቸውን ልጆቹን አስገረማቸው።

አንድ አዲስ ጥያቄ ግን ተነሥቷል። መጀመሪያ «በምን አወቅህ?» ብላ የጠየቀችው ተማሪ፣ ነገሩ ከአእምሮዋ ስላልወጣ፣ ስለ አንድ ሌላ ዓሣ አጥማጅ አጭር ልቦለድ ጽፋ መጣች። በእርስዋ ትረካ ውስጥ ሰውዬው ልጅ የላቸውም፤ ሌሊቱን የሚያስቡትም ስለ መረቡ ነው። የመረቡን ነገር ከልጁ ሰምታ እንደወሰደችው ግልጽ ነው። ከርዕሱ ሥር ደግሞ «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» ብላ ጽፋለች። ጽሑፍዋ በጣም ጥሩ ነው፤ እንዲያውም በአንዳንድ ቦታ ከእርሱ ይበልጣል። ምን ልበላት?


መልስ፦ አጫጭር ልቦለዶች የምጽፍ የሐዋሳ ልጅ

የሰሙትን ነገር መውሰድ ለልቦለድ ጸሐፊ የተፈቀደ ነው፤ ሁላችንም እንወስዳለን። ይሁን እንጂ ባለቤቱ በዚያው ክፍል ውስጥ፣ በሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳለ አይደለም። ልጁን ትጠይቀው። ካልፈቀደም ሰውዬው የሚያስቡትን ሌላ ነገር ትፍጠር። ይህን ማድረግ ከቻለች ልቦለድ ጸሐፊ መሆንዋን እርስዋም ታውቃለች፤ ካልቻለች ደግሞ የጻፈችው ገና የሰው ገጠመኝ ነው ማለት ነው።


መልስ፦ ጡረተኛው የአማርኛ መምህር

ልጄ፣ «የእናንተን ዳቦ እኮ ነው የማሰላው» የሚለውን ሳነብ ተነሥቼ ጥቂት በረንዳው ላይ ቆምሁ። ልጁ ለአባቱ የፈጠረላቸው እንባ ከአባቱ ስሌት አጠገብ ሲቆም ምን ያህል እንደሚያንስ እርሱ ራሱ ሳያስተውለው አልቀረም፤ አንቺም ይህን አትንገሪው።

የፎክሎሩን ማስተካከያ በደስታ ተቀብያለሁ፤ «ሰምቼ» ብዬ በአንድ ያጨቅኋቸው ዓይነቶች ተነጣጥለው መቀመጥ ይገባቸው ነበር።

ስለ ልጅቱ፣ ከርዕሱ ሥር ያለችውን መስመር ታውጣት። «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» የሚለው ጽሑፍ በብዙ መጻሕፍት ላይ ይታያል፤ አንባቢውን ሁለት ውል በአንድ ጊዜ ያስፈርመዋል። ጸሐፊው የፈለገውን ይፈጥራል፣ «እንዲህ ሊሆን አይችልም» የሚለው ሲመጣ ደግሞ ከእውነቱ ጀርባ ይሸሸጋል። ጽሑፍዋ እንደምትዪው ጥሩ ከሆነ ያለዚያ ድጋፍ ይቆማል። ዓሣ አጥማጁ ልጅ የሌላቸው ሰው መሆናቸው የእርስዋ የልብ ፍሬ ነው። እንግዲህ ስለ መረቡ ዋጋ ሌሊቱን ሙሉ የሚያሰሉት ለማን ብለው ነው? ይህን መመለስ ያለባት እርስዋ ናት፤ መልሱ ከልጁ ቤት አይገኝም።

ሁለቱን ጽሑፎች ግን በአንድ ቀን አታስነብቢያቸው። ረቂቁ ሲያልቅ ልጁ በመጀመሪያ የራሱን ያንብብ፤ ቢቻል አባቱ ባሉበት ቀን ይሁን። መረብ የሚጣለው ሲመሽ ነውና ስብሰባችሁን ቀደም ብላችሁ አድርጉት።